ማይክ በክንድ ሲያዝ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁን ለኩ

[ምስል፦ አንድ ወጣት ከወንበሩ ተደግፎ ያወራል፤ ማይኩ ከፊቱ ራቅ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል]

እንደምን ናችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ስለ ማይክ ክንድ ነው፤ ሻጮች «አርም ስታንድ» ስለሚሉት፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ታስሮ ማይኩን አየር ላይ ይዞ ስለሚቆመው ታጣፊ ብረት። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ እስከ ሸዋ ሮቢት ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚያስተምሩ፣ የሚተርኩ፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ የሚቀዱ ልጆች አሉን። ማይካቸው ደህና ነው። ድምፃቸው ግን ከሩቅ ይመጣል፤ ቤቱ ሁሉ ያስተጋባበታል። ሌላ ውድ ማይክ ለመግዛት ገንዘብ ከማጠራቀማቸው በፊት ያለው ማይክ የት እንደቆመ ቢያዩ እመርጣለሁ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ማይክ በራሱ አጭር ማቆሚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከአፋችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል እንበል። ርቀቱ በግማሽ በተቀነሰ ቁጥር ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፃችሁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል። ከ60 ወደ 30 ስትመጡ 6፣ ከ30 ወደ 15 ስትመጡ ሌላ 6፤ በድምሩ 12 ዴሲቤል አገኛችሁ። ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅ ግን ማይኩ ወደ አፋችሁ ስለቀረበ አይጨምርም፤ በነበረበት ይቀራል። በቃ፣ ድምፃችሁ ከማስተጋባቱ በላይ ወጣ ማለት ነው። ይህን በኮምፒውተር ላስተካክለው ብትሉ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላል።

የእኛ ቤቶች ደግሞ ለቀረጻ አይራሩም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ድምፅ ይመልሳሉ እንጂ አይውጡም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ማይክን አቅርቦ መያዝ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ነገር ነው። ክንዱም የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ እናንተ ወደ ማይኩ ሳትጎነበሱ ማይኩ ወደ እናንተ እንዲመጣ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ማሲንቆ የምትቀዱ ከሆነ፣ ወይም አራት አምስት ሆናችሁ የምትዘምሩ ከሆነ፣ ይህ ዕቃ የእናንተ አይደለም። መሬት ላይ የሚቆም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይሻላችኋል። የጠረጴዛ ክንድ ቁጭ ብሎ ለሚናገር አንድ ሰው የተሠራ ነው።

[ምስል፦ የእጅ ሜትር፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ከጎንና ከሥር]

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ክንድ የሚገዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት የክንዱን መልክና ዋጋ ነው። እኔ ከጠረጴዛው ጀምሩ እላለሁ፤ በተለይ ከከተማ ራቅ ላልን ሰዎች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመርካቶ ወይም ከፒያሳ የገዛችሁት ዕቃ ጠረጴዛችሁ ላይ አልገባም ቢል፣ ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይበላል። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይብሳል። ሜትር ይዞ ጠረጴዛ ሥር ለማጎንበስ ግን አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ የላይኛውን ገጽ ውፍረት ለኩ። ክንዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ከሚያስሩት መቆንጠጫዎች ብዙዎቹ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዶቹም ትንሽ አልፈው ይነክሳሉ፤ ስለዚህ ውፍረት ብዙ ጊዜ ችግር አይሆንም። ችግሩ ያለው ከሥር ነው። ሰፈራችን ያሉ አናጺዎች የሚሠሩት የባህር ዛፍ ወይም የጽድ ጠረጴዛ፣ እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ አግዳሚ እንጨት ከገጹ ሥር አለው። አግዳሚው ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆነ መቆንጠጫው የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ከጠርዙ እስከ አግዳሚው ድረስ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መኖሩን በሜትር አረጋግጡ። በአራቱም ጎን እዩ፤ በረጅሙ ጎን ባይኖር በአጭሩ ጎን ሊኖር ይችላል። መሳቢያ ካለውም መሳቢያውን አውጥታችሁ እዩ።

ቦታ ካጣችሁ ጠረጴዛ አትቀይሩ። ወደ አናጺው ሂዱና አንድ ጠንካራ ጣውላ ከገጹ ላይ በብሎን እንዲያስርላችሁ፣ ከጠርዙም ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያሳልፈው ንገሩት። መቆንጠጫው ያንን ጣውላ ይነክሳል። ለአናጺው የሻይ ሰዓት የማትሞላ ሥራ ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠረጴዛው ከምን እንደተሠራ ነው። ፈርኒቸር ቤት ተሠርተው የሚሸጡት የቢሮ ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ ቺፑድ ናቸው፤ ከላይ የሚያብረቀርቅ ልባስ፣ ከውስጥ በሙጫ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ። ቺፑድ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጨመቅ ይሰረጉዳል፤ ጠርዙ ላይ ሲሆን ደግሞ ይፈረፈራል። ክንዱ የሚጫነው ኃይል ደግሞ ከምታስቡት ይበልጣል። 600 ግራም የሚመዝን ማይክ 80 ሴንቲ ሜትር በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል እንበል። መቆንጠጫው ጠረጴዛውን የያዘበት ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 80ን ለ6 አካፍላችሁ በ600 ግራም ስታባዙት ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ጫና ስምንት ኪሎ ያህል ይሆናል። የክንዱ የራሱ ክብደት ገና አልተጨመረም። ያ ሁሉ የሚያርፈው አውራ ጣት በምታህል ብረት ላይ ነው፤ ማይኩን በጎተታችሁ ቁጥር ደግሞ ይነቀንቀዋል።

መፍትሔው ጫናውን መበተን ነው። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች ፈልጉ፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጋችሁ ጠረጴዛውን መሐል አስገቡ፣ መቆንጠጫውንም በእነሱ ላይ አጥብቁ። በጣውላውና በጠረጴዛው መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ብታደርጉ አይንሸራተትም። የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ግን በጣውላም ሆነ ያለ ጣውላ ክንድ አትሰሩ። መስታወት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ይሰበራል።

አንዳንድ ክንዶች ከመቆንጠጫው ሌላ በብሎን የሚታሰር ክብ መቀመጫ አብሯቸው ይመጣል። በዚህ ግድግዳ ላይም ማሰር ይቻላል። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ብሎኑን ምርጊቱ ላይ አታሰሩ፤ ምርጊት ብሎን አይዝም። ግድግዳውን በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ከውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩት።

[ምስል፦ ማይክ በሱቅ ሚዛን ላይ]

ጠረጴዛው ካለቀ በኋላ የማይኩ ክብደት ይመጣል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፤ እዚያ ላይ ማይኩ ከነማቆሚያው ተደምሮ ሊጻፍ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ብሉ የቲ ማይኩ ብቻውን 550 ግራም ነው፤ የጠረጴዛ ማቆሚያው ግን ለብቻው አንድ ኪሎ ይመዝናል። ክንድ ላይ የሚወጣው ማይኩ ብቻ ስለሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ብላችሁ ክንድ ብትመርጡ የተሳሳተ ክንድ ትገዛላችሁ። ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ 765 ግራም ገደማ ነው። ሮድ ፖድማይክ ትንሽ መስሎ 937 ግራም ይመዝናል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ 2020 ደግሞ 345 ግራም ብቻ ነው። የእናንተ ከነዚህ ውስጥ ከሌለ ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ድምፅ ማጣሪያ ስፖንጁን፣ ንዝረት የሚይዘውን ባለ ላስቲክ ቀለበት፣ ሁሉንም አብራችሁ።

ክብደት ይህን ያህል የሚያሳስበው ክንዱ በሞላ ስለሚሠራ ነው። የዚህ አሠራር አባት ጆርጅ ካርዋርዲን የተባለ እንግሊዛዊ የመኪና ሞላ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በሞላ ሚዛኗን ጠብቃ፣ ወዳቆሟት ቦታ የምትቆም የጠረጴዛ መብራት አስመዘገበ። የማይክ ክንድ የዚያች መብራት ልጅ ነው። ሞላው ወደ ላይ ይስባል፣ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ማይኩ በተዉት ቦታ ይረጋል። ማይኩ ለሞላው ከከበደ እያወራችሁ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከቀለለ ደግሞ ወደ ላይ ይነሣል፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ለምሳሌ ሮድ ፒ ኤስ ኤ 1 የተባለው ታዋቂ ክንድ የተሠራው ከ700 ግራም እስከ 1.1 ኪሎ ለሚመዝን ማይክ ነው። ኤ ቲ 2020ን እዚያ ላይ ብትሰቅሉት ሽቅብ ይሄዳል። ውድ ክንድ ገዝታችሁ ማይካችሁ ቀላል ከሆነ ገንዘቡ አይጠቅማችሁም። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ «ከስንት ጀምሮ?» በሉትም።

ሞላቸው ከውጭ የሚታይ ርካሽ ክንዶች አሉ። ቀላል ማይክ ላላቸው ልጆች በደህና ይሠራሉ፤ ነገር ግን ክንዱ ሲነካ ሞላው ይንጫረራል፣ ማይኩም ያንን ይሰማል። ሁለቱን ሞላዎች በቀጭን ጨርቅ ብትጠቀልሏቸው ወይም ውስጣቸው ትንሽ ስፖንጅ ብትከቱ ጩኸቱ ይቀንሳል። ሞላቸው ቱቦ ውስጥ የተደበቀ ክንዶች ጸጥ ይላሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው። ምንም ሞላ ሳይኖራቸው መገጣጠሚያቸውን በእጅ በማጥበቅ ብቻ የሚቆሙም አሉ። ማይካችሁን አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ የማትነኩት ከሆነ እነዚህን አልጠላቸውም፤ በየቀኑ የምታንቀሳቅሱት ከሆነ ግን ያሰለቿችኋል።

ብሎኑን እንዳትረሱ። የማይክ ብሎን ሁለት ዋና ልክ አለው፤ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እና ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ 9.5 ሚሊ ሜትር። አንዱን ወደ ሌላው የምትቀይር፣ ውስጧም ውጪዋም ጥርስ ያላት ትንሽ ቀለበት አለች። ክንዱን ስትገዙ ሳጥኑ ውስጥ መኖሯን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ እዩ። ሳንቲም የማታህል ዕቃ ናት፤ ከሌለች ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል።

[ምስል፦ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር፤ ሞላው ሲፈታ]

አሁን እንሰረው። መቆንጠጫውን ከፊታችሁ አታድርጉት፤ ከግራ ወይም ከቀኝ በኩል፣ ከጠረጴዛው የኋላ ጠርዝ አጠገብ ይሁን። በቀኝ እጃችሁ የምትጽፉና ማውስ የምትይዙ ከሆነ ክንዱ ከግራ ይምጣ። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ ከሆነ ክንዱ ሲታጠፍ ክርኑ ወደ ኋላ እንደሚወጣ አስቡና አንድ ስንዝር ያህል ሳቡት። መቆንጠጫውን በእጅ እስኪጠብቅ አጥብቁ፤ ከዚያ በመፍቻ አታስጨንቁት።

የሚቀጥለውን በጥሞና ስሙኝ። ሞላ ያለው ክንድ ማይክ ሳይኖርበት ከታጠፈበት ከተለቀቀ በኃይል ይፈናጠራል። ፊት ሊመታ፣ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ሲመጣ ክንዱን አጥፎ የያዘውን ማሰሪያ ከመፍታታችሁ በፊት በአንድ እጃችሁ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ልቀቁት፣ ሕፃናትንም አርቁ። ማይኩን ስታነሡም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ክንዱን ሽቅብ እስከ መጨረሻው አድርሱት፣ ከዚያ ማይኩን ፍቱ።

ኬብሉን በክንዱ ላይ ስታስሩ ክንዱ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ይሁን። ታጥፎ እያለ ካሰራችሁት ሲዘረጋ ኬብሉ ይወጠርና የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳውን ያላላዋል፤ ብዙ ማይክ የሚበላሸው በዚህ ነው። በየመገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ልል አድርጋችሁ ተዉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ የኬብል ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ይገትራል፤ ገትሮ እያለ በኃይል አታጥፉት። ኬብሉ ከታሰረ በኋላ የሞላውን ማስተካከያ ብሎን እንደገና ሞክሩ፤ የኬብሉም ክብደት ሚዛኑን ትንሽ ይለውጠዋልና።

ማይኩ የት ይሁን? ከአፋችሁ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ግን ልክ ፊት ለፊት አይሁን። ከከንፈራችሁ ጥግ በኩል ትንሽ ጎን ብሎ ወደ አፋችሁ ይዙር። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፖሊስ» በሉ፤ የሚመታችሁ ትንፋሽ ነው ማይክ ላይ «ቡፍ» የሚለው። ማይኩ ጎን ሲል ትንፋሹ ያልፈዋል፣ ድምፃችሁ ግን ይደርሰዋል። የማይካችሁን ፊትም እወቁ፤ ብሉ የቲን የመሰሉ ማይኮች የሚሰሙት ከጎናቸው ነው፣ ጫፋቸውን ወደ አፋችሁ ብትቀስሩት ድምፃችሁ ይደበዝዛል። ፖድማይክን የመሰሉት ግን በጫፋቸው ነው የሚሰሙት። ማይኩን ከላይ ወደ ታች ዘቅዝቆ መስቀል ምንም ችግር የለውም፤ የምታነቡት ጽሑፍ ፊታችሁ ስለሚታይ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ከዚያ የድምፅ መቀበያውን መጠን ዝቅ አድርጉት፤ ማይኩ ስለቀረበ የድሮው ልክ አሁን ይበዛል።

ብዙዎቹ የንግግር ማይኮች ከፊታቸው የሚመጣውን አጥርተው ይሰማሉ፣ ከኋላቸው የሚመጣውን ግን እምብዛም አይሰሙም። ብሉ የቲ ግን አራት ዓይነት አቀባበል ስላለው ማዞሪያው የልብ ቅርጽ ወዳለው ምልክት መዞሩን እዩ። ክንድ ያለው ሰው ይህን ጠባይ ሊጠቀምበት ይችላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ እዚያ የሚቀዳ ሰው ቬንትሌተር ካላስነሣ አይቀመጥም። ማይኩን ስታዞሩ ጀርባው ቬንትሌተሩን እንዲያይ አድርጉ፣ ነፋሱም በቀጥታ ማይኩን አይንካው። በደብረ ብርሃን ወይም በመሐል ሜዳ ደግሞ ጀርባው የባጃጅ ጩኸት ወደሚገባበት መስኮት ይሁን። ከጀርባችሁ፣ ማለትም ማይኩ በሚያይበት በኩል፣ ብርድ ልብስ ስቀሉ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቀው በደብረ ብርሃን፣ በርኖስ በሚሠራበት በመንዝ አገር ለዚህ ስፖንጅ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ወፍራም የበግ ጠጉር ድምፅን በደንብ ይውጣል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ክንድም ብርድ ልብስም አያድናችሁም፤ እስኪያባራ ጠብቁ።

ክንድ ጠረጴዛው ላይ የሚፈጠረውን ድምፅ ሁሉ ያስቀራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ክንዱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ነው የታሰረው፤ ጠረጴዛውን በክርናችሁ ስትመቱት ንዝረቱ በብረቱ ሽቅብ ይወጣል። ባለ ላስቲኩ ቀለበት ጥቂቱን ይይዛል። ማይኩ ከ80 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን፣ ማለትም በጣም ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለው እሱንም አብሩት፤ ጉምጉምታው ይቀንሳል።

[ምስል፦ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተደግፈው፤ ክንዱ ወደ እርሳቸው ሲዘረጋ]

ክንድን በጣም የምወደው አባቶችንና እናቶችን ስንቀዳ ነው። አንድ የመንዝ አዛውንት ስለ አገራቸው ሲያጫውቱ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማይኩን ይረሱታል፤ መርሳትም አለባቸው። «ወደ ማይኩ ጠጋ ይበሉ» እያልን ወሬያቸውን ባቋረጥን ቁጥር ጨዋታው ይጠፋል። «አባባ፣ እንደተመቸዎት ይደገፉ» በሏቸው። እርሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ክንዱን ዘርግታችሁ ማይኩን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርጉ፣ ፊታቸውን አይሸፍን፣ ከዘራቸውንም አይንካ። ወደ ጎን ሲዞሩ እናንተ በአንድ ጣት ማይኩን ቀስ ብላችሁ ታስከትሉታላችሁ፤ ለዚህ መገጣጠሚያው በደንብ የጠበቀ ግን ያልተቆለፈ መሆን አለበት። ከመጀመራችሁ በፊት የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ክንዱን አንቀሳቅሱት፤ ከተንቋቋ ያንኑ መገጣጠሚያ ፈልጋችሁ አጥብቁ ወይም አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨምሩበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ነው። ጠረጴዛችሁ የባህር ዛፍ ከሆነ፣ በተለይ እንጨቱ ሳይደርቅ የተሠራ ከሆነ፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በክረምት አጥብቃችሁ የተዋችሁት መቆንጠጫ በጥር ላልቶ ታገኙታላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ፣ ከዚያም አልፎ አልፎ፣ ማይኩን አውርዳችሁ መቆንጠጫውን በእጅ ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑን አጥብቁ፣ ጣውላዎቹ መሰንጠቃቸውንም እዩ።